ተኝቶ የማያርፈው ኤርጎ

ጂንካን የማያውቅ ሰው አውሮፕላን ማረፊያ ሲባል ከከተማ ወጣ ብሎ በአጥር የተከለለ ቦታ ይመስለዋል። የጂንካው ግን መሀል ከተማ ነበር። እንዲያውም ሜዳው ቀድሞ ተቀመጠ፣ ከተማው ዙሪያውን ከቦ ተሠራ ቢባል ይቀላል። ገበያተኛው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይራገጡበታል፣ የከተማው ላምና አህያ ሣሩን ይግጥበታል። አውሮፕላኑ ሲመጣ ታዲያ ሁሉም ቦታውን ይለቃል፤ የሚያስለቅቀው ኤርጎ ነው።

ኤርጎ ጥሩምባውን ከነፋ አለቀ። ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ የተገኘ ፍጡር፣ ሁለት እግር ይኑረው አራት፣ ከልምጩ አያመልጥም። አንድ ጊዜ የአውራጃው ሹም ዝግ እያለ ሲያቋርጥ ደርሶበት፣ አውሮፕላን ሹም አያውቅም ብሎ ከነካፖርቱ አስሩጦታል ይባላል። ሹሙ ተቆጥቶ ሳይሆን ስቆ ነው የሮጠው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ ሮጧል።

ኤርጎ የአሪ ሰው ነው። ከጂንካ በላይ ካለው ደጋ ተወልዶ፣ ጎረምሳ ሳለ ሜዳው ሲመነጠር ጉቶ ሊነቅል ወረደና እዚያው ቀረ። ንጉሡ ሲወርዱ ሜዳው ላይ ነበር። ደርግ ሲመጣም ሜዳው ላይ ነበር። አብዮቱ ስሙን ከ«ዘበኛ» ወደ «ጥበቃ» ሲለውጥለት፣ ያችኑ ልምጭና ያንኑ ጥሩምባ ይዞ ሜዳው ላይ ነበር። የባኮ ከተማ ልጅ የሆነችውን ዘሪቱን አግብቶ ከሜዳው ጫፍ ላይ ቤት ሠራ፤ ጠዋት በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ሣሩን ነው።

ላም ማባረሩንማ ማንም ያባርራል። የኤርጎ ሙያ ሌላ ነበር። ዝናብ ባደረ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ጫማውን ያወልቅና በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ እግሩ ይሄድበታል። ሣር ዋሾ ነው ይል ነበር፤ ከላይ ደርቆ ከሥር ጭቃ ይሆናል። ዓይን ይሸወዳል፣ ተረከዝ ግን አይሸወድም። የት ጋ መሬቱ እንደሚጨብጥ፣ የት ጋ እንደሚያረገርግ በእግሩ መዳፍ ያውቀዋል። የማረፊያው ኃላፊ ጓድ ወርቅነህ በሬዲዮ ከአብራሪው ጋር ከመነጋገሩ በፊት በመስኮት ብቅ ብሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሬቱ እንዴት አደረ? ኤርጎ ደህና ካለ ነጭ አቡጀዲ ይሰቀላል፣ አውሮፕላኑ ይወርዳል። አልሆነም ካለ ቀይ ጨርቅ ይሰቀላል፣ አውሮፕላኑ ካለበት አይነሳም፣ ከተነሳም ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ጎማ ሰምጦ አያውቅም። ኤርጎ ይህን ሲናገር ደረቱን ይነፋል፤ ሥራውን አውቆ የሚኮራ ሰው ደግሞ ያምርበታል።

እንግዲህ መከራው የመጣው በሰባ አንድ ዓ.ም. ግድም ነው። ኤርጎ ወፈር አለ፣ አንገቱ ደነደነ፤ በዚያው ማንኮራፋት ጀመረ። ማንኮራፋት ስንል ደግሞ የሌላውን ሰው ዓይነት አይደለም። ቤታቸው ከኸይሩ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው። ኸይሩ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ፣ አፉ ለጨዋታ የማይቦዝን ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቁን እየከፈተ፣ ትናንት ማታ ቤትህ ላንድሮቨር አድሮ ነበር እንዴ፣ ዳገቱ ላይ ማርሽ ሲቀይር ሰማሁት እያለ ይቀልድበታል።

ዘሪቱ ግን አትስቅም ነበር። እሷን የሚያስጨንቃት ድምፁ ሳይሆን የድምፁ መቋረጥ ነው። ኤርጎ እያጓራ ይቆይና በድንገት ጸጥ ይላል። ትንፋሽ የለም። ደረቱ አይነሳም። እጇን ጎኑ ላይ አድርጋ ትጠብቅና ሲብስባት ትገፋዋለች፤ ያኔ እንደሚሰጥም ሰው አየር ጎትቶ ተመልሶ ያጓራል። ሌሊቱ በዚህ ያልቃል። ጠዋት ኤርጎ ምንም አያስታውስም፤ ከምሽት እስከ ንጋት እንደ ድንጋይ ተኝቻለሁ ይላል። ሲነሳ ግን ከተኛበት ይልቅ ደክሞ ነው የሚነሳው፤ ሌሊቱን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም እንዳደረ ሰው ወገቡን ይዞ።

ቀጥሎ ቀን ቀን መተኛት መጣ። ጸሎት ቤት ስብከት ላይ ተኛ። በቀበሌ ስብሰባ መተኛትማ ማንም ይተኛል፣ ነውርም አይደል፤ እሱ ግን እጁን አውጥቶ፣ ተፈቅዶለት፣ መናገር ጀምሮ፣ ሐሳቡን ሳይጨርስ ቆሞ ተኛ። ወባ ነው ተባለና ክሎሮኪን ዋጠ። ጉበት ነው ተባለ። የሰው ዓይን ነው ያለም አልጠፋም። ጸሎት ተደረገለት፣ አሜን ብሎ እዚያው አንቀላፋ።

የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነጋሽ፣ ከተማው ሐኪም ነጋሽ የሚለው፣ አንድ ቀን ዘሪቱን ጠርቶ ስለ ሌሊቱ ጠየቃት። የትንፋሹን መቆራረጥ ስትነግረው ነገሩ ገባው። ጉሮሮው ሲተኛ እየተዘጋ ነው፣ ስለዚህ ቢተኛም ከእንቅልፉ አይጠቀምም አላት። በውጭ አገር ለዚህ ምን እንደሚደረግ አላውቅም፣ እዚህ ግን በጀርባው አይተኛ፣ ራሱን ቀና ያድርግ ብሎ መከራት። መምከሩ ቀላል ነው፤ ተኝቶ የሚገላበጥን ሰው ማን በጎኑ ያሳድረዋል?

ያሳደረው ሻንቆ ነው። ሻንቆ የበና ሰው፣ ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ ማርና ፍየል እየያዘ ለገበያ የሚመጣ የኤርጎ የቆየ ወዳጅ ነው። ሲመጣ የሚያድረው እነ ኤርጎ ቤት ነው። አንድ ሌሊት ግን በማንኮራፋቱ ዓይኑን ሳይከድን አድሮ ጠዋት ሲነሳ በርኮታውን ለኤርጎ ሰጠው። በርኮታ ማለት የበና ወንድ ከእጁ የማይለየው፣ ቀን የሚቀመጥበት ሲተኛ የሚንተራሰው ትንሽ የእንጨት መቀመጫ ነው። በተሰባበረ አማርኛው፣ ጀርባ የሬሳ ነው፣ አንተ በጎን ተኛ፣ ይሄ አንተን ይይዛል አለው። እውነትም በርኮታ በቀልድ የሚተኙበት ነገር አይደለም። ጆሮ ሥር ገብቶ ራስን ቀና አድርጎ ይይዛል፤ በጀርባ ልዙር ያለውን አናቱን ይነርተዋል። ኤርጎ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች እየተሳደበ አሳለፈ። ከዚያ ለመደው። ከለመደው በኋላ ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ።

ጂንካ ጉድ አለች። ኸይሩ ስኳር በቀበሌ በሚታደልበት በዚያ ዘመን አንድ ሙሉ ኪሎ ስኳር ለምስጋና ላከ። ነጋሽ መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር ትከሻውን መታ መታ እያደረገ እንኳን ለዚህ በቃህ ይለዋል። ሁሉም ኤርጎ ዳነ አለ። ከተማው በሽታውን የመረመረው በጆሮው ነበርና ጆሮው ሲያርፍ በሽተኛውም ያረፈ መሰለው።

ኤርጎ ግን አላረፈም። ቆሞ የመተኛቱ ነገር ቀለል አለለት፣ እውነት ነው፤ ድካሙ ግን አልሄደም። ሜዳውን ግማሽ ሳይሄድ ልቡ ድው ድው ይላል። ልምጩን ማንሳት ያታክተዋል። ጥሩምባውን ሲነፋ ዓይኑ ላይ ጨለማ ይመጣበታል። ይህን ሲናገር ታዲያ የሚሰማው ጠፋ። በፊት ያዝኑለት የነበሩት ሰዎች አሁን ዳነ ብለዋልና ቃላቸውን ማጠፍ ከበዳቸው። አይ ሰው። መጀመሪያ ሹክሹክታ ነበረች፣ ቀጥላ ቀልድ ሆነች፣ በመጨረሻ ስም ሆነች። ኤርጎ ሰነፈ አሉ። ጉቶ በእጁ ነቅሎ ሜዳ ያቀናውን ሰው።

ነገሩ የፈነዳው ዝናቡ ሊገባ ሲል ባለው በአንድ ጠዋት ነው። ኤርጎ ጥሩምባውን ነፍቶ፣ ከብቱን አባርሮ፣ የነፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየውን የሣር ጭስ አጭሶ ሲያበቃ ትንፋሽ አጠረውና ትንሽ ቁጭ ልበል አለ። ቁጭ አለ። አጠገቡ ያለውን ግንድ ደገፍ አለ። ቀና ሲል ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ የኸይሩ ጥቁር ላም ጥጃዋን አስከትላ መሀል ሜዳ ላይ ቆማለች፣ አውሮፕላኑ ጎማውን ዘርግቶ ከዛፎቹ በላይ ደርሷል። አብራሪው ላሟን አይቶ አፍንጫውን ወደ ላይ መለሰ፤ ሞተሩ ሲያጓራ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ከተማው ወጥቶ ላሟን አባረረ። አውሮፕላኑ ዞሮ በሰላም ወረደ። ማንም አልተጎዳም፣ ላሟም ቢሆን ሣሯን ይዛ ነው የሄደችው። የኤርጎ ልብ ግን ተሰነጠቀ።

ጓድ ወርቅነህ ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘግቶ ብቻውን ነው ያነጋገረው። ስትታመም ታገሥንህ አለው። አሁን ግን ሐኪሙም ድነሃል ብሎሃል፣ ጎረቤትህም ድነሃል ብሎሃል። ዝናቡ እየገባ ነው፣ መንገዱ ሲቆረጥ ከዚህ ሜዳ በስተቀር መውጫና መግቢያ የለንም። «ኤርጎ፣ ከእንግዲህ ስንፍና ከማለት ሌላ ምን ልበለው?» አለው። አንዲት ስሕተት ከተደገመች ጥሩምባውን ለደምሰው እሰጣለሁ አለ። ደምሰው ብርቱ ወጣት ነው፤ ላም ማባረር ይችላል፣ መሬት ማወቅ ግን አይችልም። ኤርጎን ግን ጥሩምባው ከመወሰዱ በላይ ያቃጠለው ያቺ ቃል ናት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እሱ በሕይወት ሳለ ስሙ ሊቀበር ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይቀራል። ኤርጎ ግን ከዚያ ቢሮ ወጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ቀጥ ብሎ ጤና ጣቢያ ገባ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ እኔ ደግሞ አልደብቅም አለ ለራሱ። ነጋሽ ተቀምጦ መርፌ ሲቀቅል ነበር። ምነው ጋሼ ኤርጎ፣ ማንኮራፋቱ ተመለሰ እንዴ ብሎ ፈገግ አለ። አልተመለሰም አለ ኤርጎ። ታዲያ ምን ቀረህ?

«ድካሜ ቀረ» አለ ኤርጎ። «ማንኮራፋቴን የሚሰማው ኸይሩ ነው፤ ድካሜን የምሰማው እኔ ነኝ። ጤናዬን ከኸይሩ ነው የምትጠይቀው ወይስ ከእኔ?»

ነጋሽ መርፌውን ትቶ ተነሳ፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠውና እንደ አዲስ በሽተኛ ያዘው። የዓይኑን የታችኛውን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አደረገ፤ ቀይ መሆን የሚገባው ሥጋ ነጥቷል። ጥፍሩን አየ፣ ምላሱን አየ። ደምህ የት ሄደ አለው፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በድንጋጤ። ሰገራ አስመጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነገሩ ተገለጠ። መንጠቆ ትል። አንጀት ላይ ተንጠልጥላ ደም የምትመጥ፣ ከእርጥብ አፈር በእግር ቆዳ የምትገባ ትል።

ነጋሽ ግራ ገባው። ይህ በባዶ እግር የሚሄድ ሰው በሽታ ነው፣ አንተ ደግሞ በከተማው ውስጥ ከማንም በፊት ጫማ ያደረግህ፣ እሱንም በየቀኑ የምትወለውል ሰው ነህ አለው። ስለዚህ ነበር ከመጀመሪያውም ያልጠረጠረው። ኤርጎ ቀስ ብሎ እግሩን ተመለከተ። ሰው ሁሉ ገና ተኝቶ ሳለ፣ በጤዛ ጊዜ ሜዳው ላይ የሚሆነውን ነጋሽ አያውቅም። ገበያተኛው ከሩቅ መጥቶ የሜዳውን ጠርዝ ሽንት ቤት እንደሚያደርገው ኤርጎ ያውቃል። ከዝናብ በኋላ በጣቶቹ መሀል የሚመጣውን ማሳከክም ያውቀዋል፤ እንዲያውም ሲጫወት፣ መሬቱ ሰላም ሲለኝ ነው ይል ነበር። ለካ ሰላምታ አልነበረም።

ሁሉን ነገረው። ነጋሽም ተረዳ። አየህ፣ ሁለት ሌቦች ናቸው የገቡብህ አለው፤ አንደኛው ሌሊት ትንፋሽህን ይሰርቃል፣ ሁለተኛው ቀን ከሌሊት ደምህን። አንዱን ይዘን ሁለተኛውን ረሳነው። የትሉን መድኃኒት ሰጠው፣ ደም የሚሞላ ክኒን ጨመረለት፣ ሥጋና ጎመን ብላ፣ ከበርኮታው እንዳትለይ አለው። ከዚያ ኤርጎ የማይፈልገውን ተናገረ። በባዶ እግርህ ያን ሜዳ ዳግመኛ ከረገጥህ ትሉ ይመለሳል፣ መድኃኒቱም ከንቱ ነው።

ኤርጎ ከጤና ጣቢያው ሲወጣ ደስ ብሎትም ከፍቶትም ነበር። ደስ ያለው ሰነፍ አለመሆኑ ስለታወቀ ነው፤ እሱማ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር፣ አሁን ሌላ ሰው አወቀለት። የከፋው ግን የሚኮራበት ነገር ራሱ ጠላቱ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ለዘሪቱ ሲነግራት፣ እግርህ ከሚድን አንተ ዳን አለችው። አባባሏ ደስ አላለውም። እግሩ ዓይኑ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ነው እንግዲህ ለአብራሪ ና ውረድ የሚለው?

ኸይሩ ነገሩን ሲሰማ ከሱቁ ጥቁር የጎማ ቦት ጫማ አውጥቶ በግድ አስታቀፈው። ያቺ ላሜ አንተን ልታስባርር ነበር፣ ይኼ ካሣዋ ነው አለ። ቦቱ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ሲራመዱበት ጧ ጧ የሚል ነው። ኤርጎ በመጀመሪያው የዝናብ ጠዋት አድርጎት ወጣ። መሬቱ ምንም አልነገረውም። ጭቃውም ድርቁም አንድ ዓይነት ሆነበት፤ በጓንት ሽሮ እንደሚቀምስ ሰው። ጓድ ወርቅነህ በመስኮት ሲጠይቀው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅም አለ። ቀይ ጨርቅ ተሰቀለ። አውሮፕላኑ አልመጣም። ደምሰው ከወዲያ ቆሞ ያይ ነበር።

የዚያን ቀን ኤርጎ በርኮታውን ይዞ ሜዳው ዳር ላይ ተቀመጠ። ከሻንቆ አይቶ ቀን ቀንም በርኮታው ላይ መቀመጥ ለምዷል። ክኒኑ መሥራት ጀምሯል፣ ጉልበቱም ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከብዶታል። ቆይቶ ሲነሳ ወደ ኋላው ዞር አለ። በርኮታው የነበረበት ቦታ ጎድጉዷል። ትክ ብሎ አየው። በርኮታውን ወደ ጠንካራው ቦታ ወስዶ ሁለት እግሩን አንድ ላይ አድርጎ ቆመበት፤ ሲያነሳው ሣሩ ብቻ ተጫነ። ወደ ረግረጉ ወስዶ ቆመበት፤ የበርኮታው እግር አንድ ጣት ያህል ገባ። ኤርጎ ብቻውን ሳቀ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ነገሩ ከሥሩ ነበር የተቀመጠው። ነጋሽን ለምኖ አስፈቀደና፣ የመጨረሻ ነው ብሎ የአንድ እግሩን ቦት ብቻ አውልቆ፣ እግሩ የሚለውንና በርኮታው የሚለውን ሜዳውን ሁሉ እየዞረ አስተያየ። ሲጨርስ ነጋሽ ራሱ ቆሞ እግሩን በሳሙና አሳጠበው።

ዝናቡ ያን ዓመት የጉድ ነበር። የነሪ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ተቆረጠ፣ ከቀይ አፈር ወዲህ አንድም የጭነት መኪና አልገባ አለ። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ጨረሰ፣ ኸይሩ ጨው ጨረሰ። አውሮፕላኑ መሬቱ ሲደርቅ እንዲመጣ አርባ ምንጭ ላይ እየጠበቀ ነው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣች፣ ሰማዩ ጥርት አለ። ከተማው ነቅሎ ወደ ሜዳው ዳር ወጣ። ጓድ ወርቅነህም ዛሬ በመስኮት አልጠየቀም፤ እሱ ራሱ ወጥቶ ቆመ።

ኤርጎ በቦቱ፣ በርኮታውን በእጁ አንጠልጥሎ ሲመጣ ሳቅ ተነሳ። አልጋውን ይዞ መጣ፣ ዛሬስ ሊተኛ ነው አለ አንዱ። ኤርጎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ከላይኛው ጫፍ ጀመረ። ያስቀምጣል፣ እንደ ሳቢሳ ወፍ ቀጥ ብሎ ይቆምበታል፣ ይወርዳል፣ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ያልፋል። መጀመሪያ የሳቁት ሰዎች ቀስ በቀስ ዝም አሉ፤ ሜዳው ረጅም ነው፣ ኤርጎ ግን አንድም ጊዜ ለማረፍ አልቆመም። ወደ ታችኛው ጫፍ ሲደርስ በርኮታው ሰመጠ። እንደገና ሞከረ፣ ሰመጠ። ዙሪያውን በእንጨት ችካል ምልክት አደረገና ተመለሰ።

ጓድ ወርቅነህ መልሱን ጠበቀ። ሰማዩ የጠራ ነው፣ ሣሩ ያብረቀርቃል፣ ሕዝቡ ጨውና መድኃኒት ይጠብቃል። «አሁን አይሆንም» አለ ኤርጎ። «ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጠይቀኝ።» ሕዝቡ አጉረመረመ። ደምሰውም ሳይቀር በኔ ዓይን ደርቋል አለ። የአውራጃው ጽሕፈት ቤት የላንድሮቨር ሾፌር ደግሞ ነገር ማብዛት አልወድም ብሎ፣ አየህ ይኸው ደረቅ ነው ለማለት መኪናውን አስነስቶ በታችኛው ጫፍ፣ በችካሎቹ መሀል ነዳው። መኪናው እስከ ጎማው መሀል ሰመጠ። ስምንት ሰው ገፍቶ ነው ያወጣው፣ ጭቃውም ከሾፌሩ ይልቅ የገፊዎቹን ፊት አለበሰ። ከዚያ በኋላ ጓድ ወርቅነህ ወደ ሬዲዮው ሄዶ፣ ኤርጎ ቆይ ብሏል አለ። ኤርጎ ይህን በመስኮት ሰማ።

ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ኤርጎ ታችኛውን ጫፍ ደግሞ ቆመበት። በርኮታው ሣሩን ብቻ ተጫነ። ነጩ አቡጀዲ ተሰቀለ። የሞተሩ ድምፅ ከተራራው በስተጀርባ ሲሰማ ኤርጎ ጥሩምባውን ነፋ፤ የጥንቱን አነፋፍ፣ ረጅሙን፣ ትንፋሽ ሳይቆራርጥ። ዓይኑ ላይ የመጣ ጨለማ የለም። ላምና አህያ፣ ሕዝብና ሹም ከሜዳው ተጠረገ። አውሮፕላኑ ወረደ፣ ጎማው ሣሩን እንኳን በቅጡ ሳያበላሽ ከሜዳው ጫፍ ጋ ቆመ። ጓድ ወርቅነህ መጥቶ የኤርጎን እጅ ጨበጠ። ጥሩምባው ያንተ ነው፣ ያልሁትንም ቃል መልሼ ወስጄዋለሁ አለው። ደምሰውም ቀረብ ብሎ በዚህች ነገር ላይ እንዴት እንደሚቆም ጠየቀ፤ ኤርጎም ነገ ጠዋት ጫማህን አድርገህ ና፣ አሳይሃለሁ አለው።

ኤርጎ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ዓይኑ ዘሪቱን ፈለገ። አጣት። ነገሩ ገረመው። ከተማው ሁሉ ወጥቶ፣ የእሱ ስም ሊቀበርም ሊነሳም በሆነበት ቀን ሚስቱ የለችም። ጥሩምባውን እንደያዘ ወደ ቤቱ ሄደ። በሩ ገርበብ ብሏል። ዘሪቱ በጠራራ ፀሐይ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ነጠላዋ ግማሹ መሬት ላይ ወድቆ፣ አልጋው ላይ ተኝታለች። ከሜዳው ጥሩምባ ተነፍቶ፣ አውሮፕላን ጣሪያው ላይ አጓርቶ፣ ሕዝብ እልል ብሎ፣ አልሰማችም።

መጀመሪያ ታመመች ብሎ ደነገጠ። ጎንበስ ብሎ አዳመጣት። ትንፋሿ ደህና ነው፣ ይገባል ይወጣል። ቀኝ እጇ ግን የእሱ ቦታ ላይ፣ ጎኑ በሚሆንበት ልክ ተዘርግቷል። ያን ጊዜ ነው ሁሉ ነገር የገባው። ማንኮራፋቱ ሲቆም ኸይሩ ተኛ፣ ከተማው ተኛ፤ እሷ አልተኛችም ነበር። ድምፁ ሲጠፋባት ይባስ ፈርታ ጎኑን ይዛ ታነጋ ነበር። ድካሙ ላይ ይህ ሁሉ ነገር ሲባል፣ የሷን ድካም የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እሱም አልጠየቀም። ይኼው ዛሬ ጠዋት ቦቱን አድርጎ፣ ክኒኑን ውጦ፣ ቀና ብሎ ሲወጣ አይታ፣ በቃ ዳነ ብላ ጎኗን አሳረፈች።

ኤርጎ ነጠላዋን አንስቶ አለበሳት። በርኮታውን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ኸይሩ ሱቁን ጥሎ፣ ድምፁን ከሩቅ እያሰማ፣ እንኳን ደስ ያለህ እያለ መጣ። ኤርጎ እጁን አነሳበት፤ ላም ሲያስቆም እንደሚያነሳው ዓይነት።

«ቀስ በል» አለው። «ዘሪቱ ተኝታለች።»

ኸይሩ ድምፁን ዋጠ። እሱም አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በዚያ በር ያለፈ ገበያተኛ ሁሉ፣ ላሙም ጭምር፣ በኤርጎ እጅ እየታዘዘ በሩቅ ዞሮ አለፈ።